በአባቶቻችን ዘመን ብንኖር ኖሮ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ተጀመረ ተብላችሁ በፈተና ብትጠየቁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ጀርመን ፖላንድን የወረረችበት ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም.። ማርኩን ታገኛላችሁ። ግን በዚያ ቀን ዳንግላ ገበያ ላይ ለቆመ ሰው «ዛሬ ጦርነት ተጀመረ» ቢሉት ይስቅ ነበር። ጣሊያን መረብን ከተሻገረ፣ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ዘንቧል። የአዲስ አበባው የየካቲት 12 ፍጅት አልፏል። በሩቅ ምሥራቅም ጃፓንና ቻይና ከተያያዙ ሁለት ዓመት ሆኗል። «የዓለም» የሚለው ቃል የማንን ደም ሲቆጥር እንደሚጀምር ልብ በሉ።

ይህን የምላችሁ የመማሪያ መጽሐፉን ለመንቀፍ አይደለም። የዚያን ጦርነት መሠረታዊ ታሪክ ሳናውቅ የራሳችንን ሰፈር ታሪክ ማወቅ ስለማንችል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን እንኳ አልነካም ነበር። የጣሊያን መርከቦች በስዊዝ ቦይ እንደ ልባቸው ያልፉ ነበር። በ1931 እንግሊዝ ራሷ ወረራውን በሕግ አወቀች። ከዚያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ፤ እንግሊዝም ኢትዮጵያ የሚባል አገር እንዳለ ድንገት ትዝ አላት። የቆሰለውን አይቶ ወደ ሌላው ወገን አልፎ የሄደውን ካህን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ተምራችኋል። ይኸኛው መንገደኛ የተመለሰው ወንበዴዎቹ የራሱን ቤት ሲደፍሩበት ነው። ቢሆንም ተመለሰ፤ እርዳታውም እርዳታ ነበር።

የተመለሰውም በእኛ በኩል ነው። ሳንፎርድ የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን በነሐሴ 1932 ከሱዳን ወደ ጎጃም ገብቶ ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ከሌሎች አርበኞች ጋር ተገናኘ። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከዚያም ወደ በላያ ተራራ አመሩ። ከወንጌላውያን ቤተ ሰብ የተወለደው፣ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢው ዊንጌት ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ያሉበትን፣ ሁለት ሺህ የማይሞላ ሠራዊቱን «የጌዴዎን ጦር» አለው። ግመሎቹ በቆላው በረሃና በዳገቱ አለቁ። ጣሊያን ግን የሠራዊቱን ቁጥር አላወቀም፤ በየካቲት የዳንግላው ጦር ወደ ባሕር ዳር፣ የእንጅባራው ወደ ቡሬ ለቅቆ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ለስብከት ይመቻል። ሦስት መቶ ሰዎች፣ መለከት፣ ማሰሮ፣ የሸሸ ጠላት። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌ አውርቼዋለሁ። ያልተናገርሁት በምሽጉ ውስጥ እነማን እንደነበሩ ነው። ጣሊያኖች ብቻ አልነበሩም። የኤርትራ ወታደሮች ነበሩ፤ የአገራችን ሰዎችም ነበሩ። ባንዳ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ከአገሬው ተመልምሎ ከመደበኛው ጦር ውጭ ለሚሰለፍ ቡድን የተሰጠ ተራ የወታደር ስም ነበር። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። የተሸሸገን አርበኛ የጠቆመ፣ የጎረቤቱን ጎጆ ያቃጠለ አለና።

የገባበት ምክንያት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱ ለደመወዝ፣ አንዱ በደም ለሚፈላለገው ባላንጣው ብሎ፣ አንዱ ፈርቶ፣ አንዱ በአዲስ አበባው መንግሥት ቂም ይዞ ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በንጉሠ ነገሥቱ ታስረው፣ ጎጃምም ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ ጣሊያን ሲመጣ አብረውት ቆሙ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ እዚያው ነበሩ። አልተሰቀሉም፤ በቁጥጥር ሥር ኖረው ሞቱ። አምስት ዓመት በዱር የተዋጋው በላይ ዘለቀ ግን ከነጻነት በኋላ በአመፅ ተከስሶ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የዓለም ጦርነቱ ያበቃበት ዓመት መሆኑ ነው። ጻድቁን በቀኝ፣ ኃጢአተኛውን በግራ አሰልፎ ታሪክ መማር ለሚወድ ሰው ይህ ዓመት አይመችም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፤ በዚያ ዘመን እንጅባራ ወይም ዳንግላ ብትኖሩ ኖሮ ከማን ጋር ትሰለፉ ነበር?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የፈረሰኞችን በዓል አይታችኋል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932፣ ጣሊያን ገና በአገሪቱ እያለ ነው፤ በዓድዋና በማይጨው የተሰለፉትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። በዓሉን እወደዋለሁ። ፈረሶቹ በሽልማታቸው ሲያልፉ ግን ሁላችንም በሐሳብ ኮርቻው ላይ ነን። ከተመልካቹ መካከል ራሱን ከምሽጉ በር ላይ የሚያይ አንድም የለም። ጌታ በማቴዎስ 23 የገሠጻቸው እነዚያ የነቢያትን መቃብር የሚያስጌጡ ሰዎች ስሕተታቸው መቃብር ማስጌጣቸው አልነበረም፤ እኛ በአባቶቻችን ዘመን ብንኖር አናደርገውም ነበር ማለታቸው ነው። ያን እያሉ በዘመናቸው የተላከውን እያሳደዱ ነበር።

«ማንም ምክንያት ነበረው፣ እኛ ማን ነንና እንፈርዳለን» የሚለውም መልስ አያረካኝም። ምክንያት ያስረዳል እንጂ የተቃጠለውን ጎጆ አይመልስም። ሕዝቅኤል 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ይናገራል፤ ይህን እንወደዋለን። ከዚያው ጋር የጻድቁ ጽድቅ የራሱ ብቻ እንደሆነም ይናገራል፤ ይህን ግን እናልፈዋለን። የባንዳ ልጅ ባንዳ ካልሆነ፣ የአርበኛ ልጅም አርበኛ አይደለም። የአያቴ ኒሻን የእኔን ድፍረት አይመሰክርም።

ይህ የድሮ ወሬ ቢሆን ባልጻፍሁት። ቃሉ ግን ዛሬም በአፋችንና በስልካችን ላይ አለ። የክልላችን ሰላም ከደፈረሰ ወዲህ ሰው ጎረቤቱን፣ ወንድም ወንድሙን ባንዳ ሲል እንሰማለን፤ የሚለውም የሚባለውም እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከድል በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተው ክፉን በክፉ እንዳንመልስ ሲያሳስቡ ቃሉ ከሮሜ 12 ጋር የሚስማማ መሆኑን ማንም ያውቅ ነበር። ከባዱ መስማማቱ ሳይሆን ማግሥቱን አብሮ መኖሩ ነው።

ባለፈው በወጣቶች ጉባኤ ይህንኑ ርእስ ስናነሣ ልጆቹ አርበኛ አያቶቻቸውን ተራ በተራ ጠሩ። አንድ ወጣት ከኋላ ሆኖ፣ «የእኔ ቅድመ አያት የጣሊያንን ጠመንጃ ነው የተሸከመው» አለ። የሳቁ ነበሩ። ቀጥሎ ጸጥ አልን። ምን እንደምለው ጠፋኝና የማቴዎስ ወንጌል የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር የኦርዮንን ሚስት ጉዳይ አለመደበቁን አነሣሁ፤ ለጊዜው የመጣልኝ እሱ ነበር። ልጁ ግን መጽናኛ የፈለገ አይመስልም። ቅድመ አያቱ ምን እንዳደረገ ሳይቀባባ ነገረን፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቀየው ተመልሶ ከዚያው ሕዝብ ጋር እንዳረሰ፣ ማንም ስለዚያ ጊዜ እንዳልጠየቀው፣ እሱም እንዳልተናገረ። አንዲት እህት የሰውየው ስም ማን እንደነበር ጠየቀችው። ትንሽ ቆየና ስሙን ተናገረ። በሰው ፊት ጠርቶት እንደማያውቅ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።