የዘፋኙ በደልና የዘፈኑ እውነት

የከያኒው ሕይወት ከጥበቡ ጋር ያለው ዝምድና ምንድን ነው? ክፉ ምግባር ያለው ሰው በጎ ዜማ ሊያፈልቅ ይችላልን? ከቻለስ ዜማው በዜመኛው ይጐድፋል ወይስ የዜመኛውን ጉድፍ ይሸፍናል? ጥያቄው አሮጌ ነው፤ በየመድረኩ ጀርባና በየመጠጥ ቤቱ ግን ዛሬም እንዳከራከረ አለ። ነገሩን በጥቅሉ ከማተት ይልቅ በሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ላይ መመርመሩን መርጫለሁ። እነርሱም አይራ ሉቪን (1924-1965) እና ቻርሊ ሉቪን (1927-2011) ናቸው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ወንድማማቾቹ በአላባማ ክፍለ ሀገር ተራራማ ምድር፣ ጥጥ ከሚያመርት የገበሬ ቤተሰብ ተወልደው አደጉ። የሙዚቃ ትምህርት ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በእናታቸው ወገን የወረሱት የአዘማመር ስልት ስሙን ያገኘው በ1844 ከታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ «ቅዱስ በገና» ልንለው እንችላለን። ይሁን እንጂ በገናም ሆነ ሌላ መሣሪያ የለበትም፤ በገናው የሰው ጉሮሮ ነው። ዘማሪዎቹ በአራት ወገን ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መሪው መካከል ቆሞ፣ ለአድማጭ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ይዘምራሉ። ቅንብሩ ሸካራና ባዶ ነው፤ መዝሙሮቹም ሞትን ደጋግመው ያነሣሉ። የሉቪኖች ድምፅ አጥንት ሰርስሮ የሚገባው ጨለማ ከዚህ የመነጨ ነው።

አይራ ማንዶሊን እየመታ በቀጭኑ፣ ቻርሊ ጊታር እየመታ በወፍራሙ ይዘፍኑ ነበር። በዘፈኑ መካከል ግን አንዱ የሌላውን ቦታ ያለ ምንም ምልክት ይወስዳል። በ1956 ባወጡት የአሳዛኝ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ ከእንግሊዝ አገር የወረደ አንድ የጥንት ትረካ አለ፤ ወንድ የሚወዳትን ልጃገረድ በዱላ ቀጥቅጦ ገድሎ ወንዝ ውስጥ ይጥላታል። ሁለቱ ይህን የሚዘፍኑት መዝሙር በሚዘምሩበት በዚያው በረጋ፣ በጣፋጭ ድምፅ ነው። አይቆጡም፣ አያለቅሱም። ሰሚውን የሚያስፈራውም ይኸው እርጋታ ነው። በ1959 ደግሞ ሰይጣን በእውን መኖሩን የሚሰብክ የመዝሙር አልበም አወጡ፤ በሽፋኑ ላይ የሚታየውን ግዙፍ ሰይጣን ከጣውላ የሠራው አይራ ራሱ ነበር።

ሰባኪው አይራ ግን ጠጪና ቁጡ ነበር። ማንዶሊኑን በመድረክ ላይ ይሰባብር እንደነበር ይነገራል። በ1963 ሦስተኛ ሚስቱ በስልክ ገመድ ሊያንቀኝ ሞከረ ብላ በጥይት ደጋግማ መታችው፤ እርሱ ከሞት ተረፈ። የሁለቱ ጥምረትም በዚያው ዓመት ፈረሰ። እንግዲህ ያን የልጃገረዲቱን ዘፈን ከዚህ በኋላ የሚሰማ ሰው ምን ይሰማል? «ዘፈን ሌላ፣ ኑሮ ሌላ» ብሎ ማለፍ ለእኔ ቀላል አልሆነልኝም። የታነቀች ሴት አንገት ለኪነት ሲባል የሚረሳ ነገር አይደለም።

ሌላው የተለመደ መልስ «ጨለማን ያልኖረ ጨለማን አይዘፍንም» የሚለው ነው። ካልጠጣሁ አልጽፍም የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አባባል እንደ መታወቂያ ወረቀት ይዘውት ይዞራሉ፤ እኔም በወጣትነቴ አልፎ አልፎ ተጠቅሜበታለሁ። ሉቪኖች ይህን ማመካኛ የሚያፈርሱት ሁለት በመሆናቸው ነው። ቻርሊ እንደ ወንድሙ በመጠጥ አልወደቀም፤ ድምፁ ግን ከወንድሙ ባልተናነሰ ከጥልቁ ይወጣል። ቦታ ሲለዋወጡ ጆሮ ሰካራሙን ከጨዋው መለየት ይሳነዋል። ጥፋት የጥበብ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንደኛው ድምፅ ቀሎ በተሰማ ነበር። ስለሆነም አይራ የበደለው ዘፋኝ ስለሆነ አይደለም፤ የዘፈነውም ስለ በደለ አይደለም። ጥበቡን ከወንድሙ ጋር የተካፈለው ሲሆን፣ በደሉ ግን የራሱ ብቻ ነበር።

አይራ ሰኔ 20 ቀን 1965 በሚዙሪ መንገድ ላይ፣ ሌላ ሰው ሰክሮ የሚነዳው መኪና ገጭቶት ሞተ። ቻርሊ ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ብቻውን ዘፈነ። ሁለቱ በአንድ ማይክሮፎን ይጠቀሙ ስለነበር፣ ተቀባዩ ድምፅ የሚገባበት ስንኝ ሲደርስ በስተቀኙ ማንም እንደሌለ እያወቀ ወደ ግራ ፈቀቅ እንደሚል በሸመገለ ጊዜ ተናግሯል።