ማዕበል ሲያልፍ ዕዳው የማን ነው?



«ከላይ የመጣ ነው፤ ምን ይደረግ!» የሚለው አነጋገር በጉዳትና በሐዘን ቀን ከአፋችን አይጠፋም። ለመጽናናት ሲነገር መልካም ነው፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በትዕግሥት መቀበልን ያስተምራልና። ነገር ግን ይኸው ቃል አንዳንድ ጊዜ ለሌላ አገልግሎት ሲውል እናያለን፤ ይኸውም በባልንጀራችን ላይ ለደረሰው ጉዳት ከመጠየቅ ለማምለጥ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሠሩ የሕግ ሰዎችም ሰው ሊያስቀረው የማይችለውን ማዕበልና ጎርፍ «የእግዚአብሔር ሥራ» ብለው ይጠሩታል። እንግዲህ አንድ መርከብ በማዕበል ተገፍቶ የሌላውን ሰው ንብረት ቢሰብር ከፋዩ ማን ነው? ባለ መርከቡ ነውን? ወይስ የተጎዳው ሰው ጉዳቱን ዝም ብሎ ይሸከም?

የብዙዎቻችን ኑሮ ከባሕር የራቀ ነው። ሆኖም ጥያቄው መርከብ ላላቸው ሰዎች ብቻ የሚቀርብ አይደለምና፣ በእርግጥ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ይዘን ልንመረምረው ወደድን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 27 ቀን 1905፣ በሰሜን አሜሪካ በሱፔሪየር ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዱሉት ከተማ፣ ሬይኖልድስ የምትባል የእንፋሎት መርከብ በመርከብ ማቆሚያ መድረክ ላይ ጭነቷን ታራግፍ ነበር። ከቀትር በኋላ የተነሣው ነፋስ እያየለ ሄዶ፣ ማራገፉ ሲያበቃ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። ጎታች ጀልባ ቢጠራም ሊገኝ አልቻለም። ስለዚህ መርከበኞቹ መርከቢቱን ከመድረኩ ጋር እንደ ታሰረች አቆዩአት፤ ገመዱ ሲበጠስ ወይም ሲሳሳ በሌላ፣ አንዳንዴም በወፍራም ገመድ ይተኩ ነበር። ማዕበሉ ግን መርከቢቱን እያነሣ ከመድረኩ ጋር ያላጋት ስለ ነበር መድረኩ ተጎዳ። ጉዳቱም 500 ዶላር ተገመተ።

ካፒቴኑ በመቆየቱ አጥፍቶ ነበርን? አላጠፋም። በማግሥቱ በዚያው ማዕበል ማታፋ የምትባል ሌላ መርከብ ወደዚያው ወደብ ልትገባ ስትሞክር ከመግቢያው ግንብ ጋር ተጋጭታ ተሰበረች፤ የከተማው ሕዝብ ከዳር ቆሞ እያየ ዘጠኝ መርከበኞች አለቁ። በዚያ ሌሊት ገመድ ፈትቶ ወደ ሐይቁ መውጣት እብደት ነበር።

የመድረኩ ባለቤቶች ግን ካሣ ጠይቀው ከሰሱ። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1910 በሰጠው ፍርድ ካፒቴኑ እንደ ጠንቃቃ ሰው መሥራቱን አመነ፤ ሆኖም ባለ መርከቡ እንዲከፍል ወሰነ። ምክንያቱን ልብ እንበል። መርከቢቱ ያለ ማንም ቸልተኝነት ገመዷ ተበጥሶ ነፋስ ገፍቶ ቢያጋጫት ኖሮ ባለቤቷ ባልተጠየቀ ነበር። እዚህ ግን መርከበኞቹ ገመዱን እየተኩ፣ ዐውቀው፣ መርከቢቱን በሰው መድረክ ኪሣራ አዳኑአት። ከዳኞቹ ሁለቱ በዚህ አልተስማሙም፤ መድረክ ሠርቶ ከባለ መርከቦች ጋር የሚዋዋል ሰው የማይቀር አደጋንም አብሮ ተቀብሏል ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዋናው ፍርድ ለኅሊና የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ ታሪክ ጎን ሌላ እናስቀምጥ። በ1904 በሻምፕሌን ሐይቅ ላይ አንድ ሰው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በጀልባ ሲሄድ ድንገተኛ ማዕበል ስለ ያዘው ጀልባውን በአንድ ደሴት መድረክ ላይ አሰረ። የደሴቲቱ ባለቤት አገልጋይ ገመዱን ፈታው፤ ጀልባዋም ከዳር ተላትማ ተሰበረች፤ ቤተሰቡም ተጎዳ። የቨርሞንት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908፣ በጭንቅ ጊዜ የመጣን ሰው ከመድረክ ማባረር እንደማይገባና ባለቤቱም ለአገልጋዩ ሥራ ሊጠየቅ እንደሚችል ፈረደ። ሁለቱ ፍርዶች አንድ ላይ ሲነበቡ ሙሉ ትምህርት ይሰጣሉ፦ የተጨነቀውን ማስጠጋት ግዴታ ነው፤ የተጠጋውም ያጎደለውን መተካት ግዴታው ነው።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንግዳ አይደለም። የሚኒሶታ ዳኞች ራሳቸው የነገረ መለኮት ሊቃውንትን ጠቅሰው ነበር፤ የሚራብ ሰው ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ቢወስድ ኃጢአት ባይሆንበትም፣ ሲችል ዋጋውን መክፈል ይገባዋል ሲሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2408 በብርቱ ችግር ጊዜ የሌላውን ንብረት መጠቀም ስርቆት እንዳልሆነ ያስረዳል፤ በቁጥር 2412 ደግሞ በግፍ የተወሰደውን የመመለስ ግዴታ ያስተምራል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በሱማ ቴዎሎጂካ ስለ መተካት ሲናገር፣ ለራሱ ጥቅም ንብረት የተዋሰ ሰው ንብረቱ ቢጠፋበትም እንኳ ይተካ ዘንድ ግዴታ እንዳለበት ይገልጻል፤ ውለታ የዋለ ሰው በውለታው ምክንያት ሊጎዳ አይገባምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ራሱን ወይም ሌላውን ከአደጋ ለማዳን ሲል ዐውቆ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል።

«ያለ በደሌ ለምን እቀጣለሁ?» የሚል ይኖራል። መልሳችን፣ መክፈል ሁልጊዜ ቅጣት አይደለም የሚል ነው። በደል የለብኝም ማለት ዕዳ የለብኝም ማለት አይደለም። የትንበያ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ አሮጌ ገመዱን ሳይለውጥ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው በደልም ዕዳም አለበት፤ ንስሐ ይግባ፣ ይክፈልም። የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ በማዕበል የተሸነፈ ሰው ግን በፍትሕ በኩል በደልም ዕዳም የለበትም። በሁለቱ መካከል ያለው፣ በባልንጀራው ንብረት ራሱን ያዳነ ሰው ነው፤ እርሱ ኃጢአት የለበትም፤ የመዳኑን ዋጋ ግን ባልንጀራው ሊከፍልለት አይገባም።

መድን ወይም ኢንሹራንስ እዚህ ላይ ይመጣል። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ለዚህም ይስማማል። ብዙዎች በየጊዜው ጥቂት እያዋጡ አንዱን የሚያደቅቀውን ጉዳት ይከፋፈሉታል፤ እድራችንም ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም። ባለ መርከብ የራሱን መርከብ መድን ሊገባላት ይችላል፤ በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ የኃላፊነት መድን ይገባል። መዘንጋት የሌለበት ግን ይህ ሁለተኛው መድን በተለመደው አሠራር የሚከፍለው መድን ገቢው በሕግ ተጠያቂ ሲሆን ነው። ማንም ተጠያቂ ባልሆነበት ማዕበል ጎረቤቱ የሚካሰው የራሱ መድን ካለው ብቻ ነው፤ ከሌለው ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት ሦስት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው፣ «መድን አለኝ» ብሎ ገመድን ማላላት ነው፤ መድን ገንዘብን እንጂ የጠፋ ሕይወትን አይመልስም። ሁለተኛው፣ ኩባንያው እንዲከፍል የጉዳቱን ምክንያት ማጣመም ነው። ለድኻ ጎረቤት ታስቦ ቢደረግም ሐሰት ነው፤ የሚከፈለውም ከሌሎች ሰዎች መዋጮ ነው። ሦስተኛው፣ «ወረቀቱን ለኩባንያው ሰጥቻለሁ» ብሎ የተጎዳውን ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ነው። ገንዘቡን ኩባንያ ይከፍል ይሆናል፤ የጎረቤትን ደጅ ማንኳኳት ግን በውክልና አይፈጸምም። ጎረቤቱ መድን የሌለው፣ በአንዲት ጀልባ የሚተዳደር ዓሣ አጥማጅ ቢሆንስ? ፍትሕ በማያስገድድበት ቦታ ፍቅር ይናገራል፤ ቅዱስ ጳውሎስ የእርስ በርሳችንን ሸክም እንድንሸከም የመከረው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው (ገላ. 6፥2)።

አሁን ወደ ቀዬአችን እንመለስ። በክረምት ሌሊት ጎርፍ ወደ ቤቱ ሲገባ ቦይ ቀድዶ ውኃውን በጎረቤቱ ማሳ ላይ የለቀቀ አባወራ አለ። ልጆቹን አድኗል፤ ማንም አይወቅሰውም። ሲነጋ ግን የጎረቤቱ ጤፍ በደለል ተሸፍኗል። «ከላይ የመጣ ነው» ብሎ ያልፋልን? ዝናቡ ከላይ መጣ፤ ቦዩን የቀደደው ግን የእርሱ እጅ ነው።

ውድ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ፤ «አትስረቅ» የሚለውን ሰባተኛ ትእዛዝ ስታስተምሩ ይህንን አባወራ አስታውሱ። ልጆች ሌባ እንዳይሆኑ ማስተማር ቀላል ነው። ከባዱ፣ ኃጢአት ያልሠራ ሰው እንኳ ማልዶ ተነሥቶ፣ አካፋውን ይዞ፣ ወደ ጎረቤቱ ማሳ መሄድ እንደሚገባው ማስተማር ነው።