ከባሕር የተመለሰ ሰው ምስክርነት

ምንባብ፤ የማርቆስ ወንጌል 5፥1-20



በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው ሰው ከርኩሳን መናፍስት ከተፈታ በኋላ አንድ ነገር ለመነ፤ ይኸውም ከጌታ ጋር በታንኳ ተሳፍሮ ለመሄድ ነበር። ጌታ ግን አልፈቀደለትም፤ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ የተደረገለትን ምሕረት እንዲነግራቸው አዘዘው። ጌታ ለዚያ አገር የተወው ሰባኪ ሊቅ አልነበረም፤ የደረሰበትን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።

በጅቡቲ ከተማ የምንኖር እኛ ታንኳ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ከአገራችን በእግር የሚመጡ ወጣቶች በአሳል ሐይቅና በታጁራ በረሃ አልፈው ወደ ኦቦክ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ የመን ይሻገራሉ። ብዙዎችም ተስፋቸው ተቆርጦ በዚያው ባሕር ይመለሳሉ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከየመን የሚመለሱ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ባሕር ሰጥመው ከ60 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት መግቢያ ደግሞ ሌሎች ሁለት ጀልባዎች 310 ሰዎች አሳፍረው መጡ፤ አሻጋሪዎቹም በኮር አንጋር አጠገብ ተሳፋሪዎቹን ወደ ባሕር እንዲዘሉ አስገደዱአቸው። ቢያንስ 45 ሞቱ። እነዚህ ሁሉ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር፤ ለወገኖቻቸው ሊነግሩ የሚችሉትም ከእነርሱ ጋር ቀረ።

እንግዲህ በሕይወት የተመለሰው ስለ ምን ዝም ይላል? ስለሚያፍር ነው። አባቱ በሬ ሸጦ፥ እናቱ ተበድራ ልከውታልና ባዶ እጁን ገብቶ መከራውን ማውራት ይከብደዋል። እርሱ ዝም ሲል ግን ደላላው ይናገራል። እኛም ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም። በተዋስነው ልብስ በወደቡ ዳር ቆመን ፎቶግራፍ ልከናል፤ በምንተኛበት ወለል ላይ ያለቀስነውን ግን አልጻፍንም። ታናሽ ወንድማችንም ፎቶግራፉን አይቶ መንገድ ጀመረ። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በዚህ ያገኘናል።

ሰው ቁስሉን በእውነት ሲናገር ምን እንደሚሆን፥ ጉዳዩ ሌላ ቢሆንም፥ ከአገራችን ምሳሌ አለን። የከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ በልጅነትዋ የተገረዘች ሴት ነበረች። በአሜሪካ ተምራ ከተመለሰች በኋላ በ1997 እ.ኤ.አ. ከእኅትዋ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ማኅበር መሠረተች። በመጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ስለ ኤድስ ስትናገር ሽማግሌዎች አስቀድሞ የቸገራቸው ድልድይ መሆኑን ነገሩአት። እርስዋም ሰማቻቸው፤ ድልድዩም ተሠራ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ሰዎች ተቀምጠው እንዲነጋገሩ አደረገች፤ የራስዋንም መከራ አልሸሸገችም። ተሸፍኖ የኖረው ተነገረ፤ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ተዳሩ፤ ልማዱም በከምባታ እጅግ ቀነሰ። እርስዋ በ2019 ዓረፈች፤ ሥራዋ ግን ይመሰክራል።

ስለዚህ ወገኖቻችን፥ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፥ ወደ አገር ቤት እውነቱን እንጻፍ። ያገኘነውንም ያጣነውንም እንንገር።

ሁለተኛ፥ የተመለሰውን ወንድማችንን ምን አመጣህ ብለን አንጠይቀው። እግሩን አጥበን፥ እንጀራ አቅርበን እንቀበለው። እስኪናገርም እንታገሠው፤ ቁስሉን እንዲገልጥ ማንንም አናስገድድ።

ሦስተኛ፥ ከሰማን በኋላ እጃችንን እንዘርጋ። ዕዳውን በማገዝ፥ ሥራ በማፈላለግ እንርዳው። የተራበ ሰው ታሪኩን ሰምተን ብቻ ብንሸኘው፥ ነገ በዚያው ባሕር ዳር እናገኘዋለን።

የጌርጌሴኖን ሰው ስለ ራሱ ብርታት አላወራም፤ የተማረበትን ምሕረት ነገረ እንጂ። ከበረሃና ከማዕበል የወጣን እኛም የምንናገረው ይኸው ነው። ምናልባት አንዲት እናት ቃላችንን ሰምታ ልጅዋን ታስቀር ይሆናል።

ጌታ ሆይ፥ የሐሰት ፎቶግራፋችንን ይቅር በለን። አንደበታችንን ለእውነት፥ ጆሮአችንን ለወንድማችን ክፈት። በባሕር ላይ ያሉትንም ጠብቅ። አሜን።