ዜሮና ባዶ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ግን በሽታውን የተናገረውስ ምን ያገኛል?

ነገሩ ወዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወረርሽኝ ዜናዎችን ለሕዝብ ያወጣል። ተመራማሪዎች ዜናዎቹን አንድ ባንድ እያነበቡ በሽታውን፣ አገሩንና ቀኑን በሰንጠረዥ ያሰፍራሉ። የትኛው አገር ስንት ጊዜ እንደተጠቃ በዚህ ይቆጠራል። ሥራው ግሩም ነው። ሆኖም ሰንጠረዡ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ታዲያ ያልተነገረውን ምን ብለን እንጻፈው? ዜሮ?

ዜሮ እኮ ምስክርነት ነው፤ «ፈልጌ አጣሁ» ማለት ነው። ባዶ ግን «አልፈለግሁም» ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ወረዳ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ያን ባዶ ዜሮ ብሎ የሞላ ሰው ሙታኑን ጤነኞች አደረጋቸው።

በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖ የሟቾችን ዝርዝር ከመንግሥት መዝገብ ወሰደ። በዚያ ብቻ አልቆመም፤ በእግሩ ቤት ለቤት ጠየቀ። ብዙ ሰው ባለቀበት በብሮድ ስትሪት አንድ የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ከሠራተኞቹ በኮሌራ የሞተ የለም። ስኖ ሄዶ ባለቤቱን ጠየቀ። ሠራተኞቹ ቢራ ይጠጣሉ፤ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ አለው። ይህ ተፈልጎ የተገኘ ዜሮ ነው።

አንዳንዱ «ቁጥር ቁጥር ነው፤ ፍርድ ምን አገባው?» ይል ይሆናል። በኖቬምበር 2021 የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች ኦሚክሮን የተባለውን የኮቪድ ዝርያ አግኝተው ሳይውሉ ሳያድሩ ለዓለም ተናገሩ። ምን ተከፈላቸው? በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ አገሮች በረራ ዘጉባቸው። ኋላ ሲታይ፣ ከማስታወቂያው በፊት በተወሰደ ናሙና ቫይረሱ ኔዘርላንድስም ተገኘ። ለካ ቀድሞ የተናገረና ቀድሞ የታመመ አንድ አይደሉም! ተናጋሪው ከተቀጣ ደግሞ ሌላው ዝምታን ይማራል፤ በዝምታው የሚሞተው ግን ዝም ያለው ባለሥልጣን ሳይሆን ምንም ያልተነገረው ድሃ ነው።

እንግዲህ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር እላለሁ፦ «ማን ፈለገ? በምን መሣሪያ?» ይህ ሳይታወቅ አገርን ከአገር ማበላለጥ ሐቀኛውን መቅጣት ነው። ነገ ከመካከላችን ይህን መዝገብ የሚሞላ አይጠፋም። ያላየውን ባዶ ይተወው፤ ከጎኑም «አልታየም» ብሎ ይጻፍ።