ቸኮላና የባልንጀራ ፍቅር

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የሚገኘው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ለምእመናን ሁሉ የታወቀ ነው። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሕፃናቱን «ካህኑና ሌዋዊው ስለ ምን አልፈው ሄዱ?» ብለን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ክፉዎች ስለ ነበሩ» የሚል ነው። ወንጌሉ ግን ምክንያታቸውን አይነግረንም። ስለዚህ ነገር ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ያደረጉትን ምርምር መመልከት ይጠቅመናል።

ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ይህ ጥናት የተካሄደው በአሜሪካ አገር፣ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ነው። ተማሪዎቹ አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ከፊሎቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ተመራቂዎች ስለሚሰማሩበት ሥራ እንዲናገሩ ተመደቡ። ንግግሩ የሚደረገው በሌላ ሕንፃ ስለ ነበረ ወደዚያ ሲላኩ ለአንዳንዶቹ «ዘግይተሃልና ፍጠን» ተባለ፤ ለሌሎቹ ሰዓቱ እንደ ደረሰ፣ ለቀሩት ደግሞ ገና ጥቂት ደቂቃ እንዳለ ተነገራቸው። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ራሱን ደፍቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እያሳለና እያቃሰተ በአንድ በር ሥር ተቀምጦ ነበር። ይህ ሰው በአጥኚዎቹ የተዘጋጀ እንጂ በእውነት የታመመ አልነበረም። (ሰውን ለዕውቀት ሲባል ማታለል ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ነው።)

ውጤታቸው ከተቈጠረው 40 ተማሪዎች መካከል በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ የረዱት 16 ብቻ ሆኑ። ጊዜ ከነበራቸው 8 ተማሪዎች 5ቱ፣ በመካከለኛው ክፍል ከነበሩት 22 ተማሪዎች 10ሩ፣ ከዘገዩት 10 ተማሪዎች ግን አንዱ ብቻ ረዳ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብኩ እየተጣደፉ በአቃሳቹ አጠገብ ያለፉ ነበሩ ማለት ነው።

በቍጥሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 5 ከ8 «ከመቶ 63» ተብሎ ሲጻፍ ታላቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከስምንቱ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ወደ 50 ይወርዳል። እንዲሁም ይህን ጥናት የሚጠቅሱ ሰዎች «ምሳሌውን ማሰላሰል ምንም አልጠቀመም» ሲሉ ይሰማል። ስለ ምሳሌው ለመናገር ከተመደቡት 19 ተማሪዎች የረዱት 10፣ ስለ ሥራ ከሚናገሩት 21 ግን 6 ናቸው። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻም ሊገኝ ስለሚችል አጥኚዎቹ እንደ ማስረጃ አልቈጠሩትም። ልዩነት መኖሩ አልተረጋገጠም ማለት ግን ልዩነት የለም ማለት አይደለም። አንቶኒ ግሪንዋልድ የተባለ ሌላ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ በመጥቀስ ተቃውሟቸዋል። ስለዚህ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ድካማችን ከንቱ ነው ብለው ተስፋ አይቍረጡ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ፍጠን» የምትል አንዲት ቃል ይህን ያህል ኀይል ካላት፣ አልፎ የሄደው ሰው በደለኛ ነውን? በ1992 የታተመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ባለማወቅ፣ ባለማስተዋል፣ በፍርሃት፣ በልማድና ይህን በመሰለ ምክንያት የአንድ ድርጊት ተጠያቂነት ሊቀንስ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊቀር እንደሚችል ያስተምራል። አጥኚዎቹም ከተጣደፉት መካከል ችግረኛውን በቅጡ ያላስተዋሉ፣ ሌሎቹም በሚጠብቃቸውና በወደቀው ሰው መካከል ልባቸው የተከፈለ እንደ ነበሩ ገምተዋል። እንግዲያስ በዚያች ቅጽበት የነበራቸው በደል እኛ ከምንፈርድባቸው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን የእነዚያን ተማሪዎች ቸኮላ ሌላ ሰው ጫነባቸው፤ የእኛን ቸኮላ አብዛኛውን ጊዜ የምናዘጋጀው ራሳችን ነን። ማታ ኅሊናችንን ስንመረምር «ማንን ገፋሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ያላየነው ሰው ግን በዚህ ጥያቄ ትዝ ሊለን አይችልም። ስለዚህ ምርመራው ቀደም ካለው መጀመር አለበት፦ ቀኔን እንዲህ ያጣበብሁት ለማን ብዬ ነው? ሌላውንስ ያለ በቂ ምክንያት ያስቸኰልሁት መቼ ነው? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ የቤተሰብ አባቶችንና እናቶችን፣ አለቆችን፣ የሰበካ ጉባኤ መሪዎችንም ይመለከታል።

«እንግዲህ ሥራችንን ሁሉ እንተው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሳምራዊውም እኮ መንገደኛ ነበር። ቍስለኛውን ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ ተንከባከበው፤ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ለቤቱ ጠባቂ ሰጥቶ፣ አደራ ብሎ ጕዞውን ቀጠለ። በፕሪንስተኑ ጥናትም ሳይቆም ያለፈ፣ ሲደርስ ግን «ውጭ የታመመ ሰው አለ» ብሎ የተናገረ ተማሪ ከረዱት ጋር ይቈጠር ነበር።