እህቴን ከማኅበር ከልክዬ ለአራጣ ሰጠኋት

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከሩቅ የሰማሁት አይደለም፤ በገዛ ቤተሰቤ የደረሰና ጥፋቱም ከእኔ የመነጨ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የሸፈነውን ነውር መግለጥ እንደማይገባ አውቃለሁ። ሆኖም ሌላው ወንድም ያንኑ ስህተት እንዳይደግም መናገሩ ይሻላል ብዬ፣ ባለጉዳይዋንም እህቴን አስፈቅጄ ጽፌዋለሁ።

ታላቅ እህቴ ባሏ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ባልትና ሠርታ በመሸጥ ነው። ዛላ በርበሬ ከመርካቶ ትገዛለች፤ ትቀነጥሳለች፣ ታሰጣለች፣ ትደልዛለች፣ ከነቅመሙ ታስፈጫለች፤ ከዚያም በኪሎ በኪሎ እያሸገች ለሰፈር ሱቆችና በስልክ ለሚያዟት ደንበኞች ታደርሳለች። ይህን ሁሉ የምትሠራው ብቻዋን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፍልታ ከሰጠችኝ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላማክርህ። እንደ እኔ ባልትና የሚሠሩ ሴቶች ማኅበር አላቸው፤ ግቢ ብለውኛል። ምን ትላለህ?» አለችኝ።

ሴቶቹ አሥራ ስምንት ናቸው። ሙስሊምም ክርስቲያንም አሉባቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። እቁብ ይጥላሉ፤ ዛላውን በጋራ በኩንታል ከጅምላ ነጋዴ ገዝተው ይከፋፈላሉ። የትኛው ባለሱቅ በወቅቱ እንደሚከፍል፣ የትኛው እንደሚያመላልስ ይነጋገራሉ። አንዷ ከአቅሟ በላይ ትእዛዝ ስትቀበል ለሌሎቹ ታካፍላለች። የበዓል ባዛር ሲመጣም ተጋግዘው አንድ ቦታ ይከራያሉ።

እኔ ምን አልኳት? «እቴ፣ ከሰው ጋር ምን አጋፋሽ? ሪዝቅ ከአላህ ነው። እዚያ ሐሜት አለ፤ ገንዘቡንም ወለድ ይነካዋል። ቤትሽ ተቀምጠሽ ሥሪ» አልኳት። እንደ ዓሊም ሆኜ ተናገርኩ። ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ሴቶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ደንባቸው ምን እንደሚል አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነው፤ ሳይጠይቁ መጻፍ ነውር መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ በእህቴ ላይ ግን ሳልጠይቅ ፈረድኩ። እርሷም ታላቄ ሆና ሳለ፣ «የተማረ ወንድሜ ያለውን ልስማ» ብላ ተወችው።

ወራት አለፉ። የዛላ ዋጋ ናረ። የማኅበሩ ሴቶች አስቀድመው በጋራ ገዝተው ስለነበር ያንን ጊዜ ተሻገሩት። እህቴ ግን በኪሎ እየገዛች መወዳደር አቃታት። በዚያው ሰሞን አንድ ባለሱቅ የሁለት ወር ዕቃ በዱቤ ወስዶባት፣ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ሲያመላልሳት ከርሞ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። የምታማክረው ሰው አልነበራትም። ለእኔም አልነገረችኝም። ከአንድ አራጣ አበዳሪ 50,000 ብር በወር ከመቶ 10 ተበደረች።

ጉዳዩን የሰማሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ 35,000 ብር ከፍላለች፤ 50,000 ብሩ ግን ሳይነካ እንዳለ ነበር። ተቆጣሁ። «እንዴት ሪባ ውስጥ ትገቢያለሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ «ምን ላድርግ ወንድሜ? ከሰው ጋር አትሁኚ አልከኝ። ብቻዬን ስሆን የሚያበድረኝ ያገኘሁት እርሱን ብቻ ነው» አለችኝ።

ውድ አንባብያን! ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ሪባ ቀላል ወንጀል አይደለም። በሱረቱል በቀራ ከቁጥር 275 ጀምሮ አላህ (ሱ.ወ.) ንግድን እንደፈቀደና ሪባን እርም እንዳደረገ፣ ሪባን በማይተዉት ላይም የአላህና የመልእክተኛው ጦርነት የታወጀ መሆኑን እናነባለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የረገሙትም በዪውን ብቻ ሳይሆን ሰጪውን፣ ጸሐፊውንና ምስክሮቹንም ጭምር መሆኑ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። አራጣ በአገሪቱ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሚያስቀጣ ነው። ታዲያ ሐላሉን በር ዘግቶ እህቱን ወደዚህ በር የገፋ ሰው ምን ይባላል? ፍርዱን ለዑለማዎች እተዋለሁ። እኔ የማውቀው ከሐራም ልጠብቃት ብዬ ወደ ሐራም የገፋኋት መሆኑን ነው።

ከዚያ በኋላ ቁርኣኑን እንደገና ከፈትኩ። በሱረቱል ቀሰስ ከቁጥር 23 ጀምሮ የተነገረውን የመድየን ውኃ ታሪክ ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብጽ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ እረኞች ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ አገኙ። ከእነርሱ ወዲህ ደግሞ ሁለት ሴቶች በጎቻቸውን አግደው ቆመዋል። ምን እንደሆኑ ቢጠይቋቸው አባታቸው ሽማግሌ መሆኑን፣ እረኞቹ እስኪሄዱ ድረስም ማጠጣት እንደማይችሉ ነገሯቸው።

ሙሳ (ዐ.ሰ.) ምን አደረጉ? እንደ እኔ «ቤታችሁ ተቀመጡ» አላሉም። አጠጡላቸው፤ ከዚያም ወደ ጥላው ዘወር ብለው ጌታቸውን ለመኑ። አደብም እርዳታም በአንድ ላይ! በመጨረሻ ከሁለቱ አንዷ ለአባቷ የሰጠችውን ምክር ደግሞ ተመልከቱ፤ ይህን ሰው ቅጠረው፤ ከሚቀጠሩ ሰዎች በላጩ ብርቱና ታማኝ የሆነው ነው አለችው። ቀጣሪ ሁሉ የሚመራበት ይህ መለኪያ በቁርኣን የሰፈረው ከአንዲት ሠራተኛ ሴት አንደበት ነው።

እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ነጋዴ እንደነበሩ ሁላችንም እናወራለን። እንዴት ይነግዱ እንደነበር ግን ብዙ አናስተውልም። ወደ ሻም ሸቀጥ ይዘው የሄዱት ራሳቸው አልነበሩም፤ ሰው ይወክሉ ነበር። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) እውነተኛነትና ታማኝነት ከሰው ሲሰሙ ነው ልከው ሸቀጣቸውን እንዲወስዱላቸው የጠየቁት። ነጋዴ ከሰው ተነጥሎ ማን ታማኝ፣ ማን ከዳተኛ እንደሆነ ከየት ያውቃል? እህቴ ያጣችው ይህንኑ ነበር።

የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት የዘይነብ (ረ.ዐ.) ታሪክም አለ። ለባሏና በእጇ ላሉ የቲሞች የምታወጣው ገንዘብ ሰደቃ ይሆንላት እንደሆነ ልትጠይቅ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደጅ ስትሄድ፣ አንዲት የአንሷር ሴት ያንኑ ጥያቄ ይዛ ቆማ አገኘቻት። ሁለቱም በቢላል (ረ.ዐ.) በኩል በአንድነት አስጠየቁ፤ የዝምድናና የሰደቃ ሁለት ምንዳ እንዳላቸውም ተነገራቸው። አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ደጅ ቢገናኙ ማንም «ለምን ተሰበሰባችሁ?» አላላቸውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች፣ «ማኅበሩ የሌላ እምነት ሰዎች አሉበት» ይሉ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነን የሒልፉል ፉዱል ስምምነት ነው። ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለአንድ የመካ ታላቅ ሰው ሸጦ ዋጋውን ቢከለከል፣ የቁረይሽ ጎሳዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው የተበደለን ሐቁን ሊያስመልሱ ተማማሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት በዚያ ተገኝተዋል፤ በኢስላም ዘመንም ወደዚያ ዓይነት ስምምነት ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ መናገራቸው ተወርቷል። እንግዲህ ዕቃ ወስዶ ዋጋ የሚከለክል ሰው ያኔም ነበር፤ መድኃኒቱም ያኔም መተባበር ነበር። ቁርኣኑ በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 2 በበጎና በተቅዋ እንድንተጋገዝ ሲያዘን በኃጢአትና በወሰን ማለፍ እንዳንተጋገዝ ይከለክለናል። መለኪያው ይኸው ነው።

ይህን ስል ግን ማኅበር ሁሉ ሐላል ነው ማለቴ አይደለም። እህቶቼ ሆይ! ከመግባታችሁ በፊት እኔ ያልጠየቅኩትን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የት ይቀመጣል? ዛሬ ወለድ ለሌለው ሒሳብ ምክንያት አናጣም፤ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል።

ሁለተኛ፣ እቁቡን ተመልከቱ። ሁሉም እኩል ጥሎ፣ ሁሉም በተራው እኩል የሚያነሳበትን እቁብ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ፈቅደውታል። ነገር ግን እጣ የወጣላት ሴት ተራዋን ለቸኮለችው በገንዘብ ስትሸጥ እናያለን። ገንዘብን በገንዘብ በትርፍ መለወጥ ሪባ ስለሆነ ከዚህ ተጠንቀቁ፤ ተራ መልቀቅ ካስፈለገ በነፃ ይለቀቅ። በዘገየች ላይ የሚጣል መቀጫም ካለ ለአባላቱ ትርፍ እንዳይሆን ዓሊም ጠይቃችሁ ወደ ሰደቃ እንዲሄድ አስወስኑ።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር ይጻፍ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ ቁጥር 282፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር የሚናገር ነው። «እህትማማቾች ነን፣ ምን መጻፍ ያስፈልጋል?» የምትል ማኅበር ነገ ትጣላለች።

አራተኛ፣ ስብሰባው ሶላትን የማያሳልፍ፣ ሒጃባችሁን የሚያከብር ይሁን። የሰው ሥጋ የሚበላበት ወሬ ሲነሳ ዝም በሉ ወይም ተነሱ። ባለዕዳን ከማጭበርበሩ ለመጠንቀቅ ስሙን ማንሳትና የጎረቤትን ገመና ማውራት አንድ አይደሉም። ስትገቡም ለመውሰድ ብቻ አትግቡ፤ የምታውቁትን አካፍሉ።

ወንድሞቼ ሆይ! እናንተም፣ እኔም፣ «አይሆንም» ማለት ቀላል ነው። ከከለከልን ግን ምትኩን ማቅረብ አለብን። ዛላውን በኩንታል ማን ይገዛላታል? የማይከፍለውን ባለሱቅ ማን ይነግራታል? ልጇ ሲታመም ያለ ወለድ ማን ያበድራታል? የመስጊድ ኮሚቴዎቻችንስ ለነጋዴ እህቶች የግብይት ሕግ የሚማሩበት አንድ ሐለቃ ቢከፍቱ፣ አነስተኛ የቀርዱል ሐሰን ሣጥን ቢያዘጋጁ ምን ይቸግራቸዋል? ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ውስጥ ባለዕዳዎች እንደሚገኙበት በሱረቱ ተውባ ቁጥር 60 አላነበብንምን?

የእህቴን ዕዳ ዘመድ ተሰብስቦ ዘጋው፤ አራጣውም ቆመ። ዘመዶቻችንን ገና እየከፈልናቸው ነው። እርሷ ወደ አላህ ተውበት አድርጋለች፤ እኔም አድርጌያለሁ። ማኅበሩንም ገባች። በመጀመሪያው ስብሰባ የዚያን የጠፋ ባለሱቅ ነገር ብታነሳ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና፣ «ለእርሱማ ማስረከብ ካቆምን ስንት ጊዜያችን!» አሏት። ይህን ስትነግረኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ለካ ያ ሁሉ መከራ በአንድ የቡና ስብሰባ ላይ በምትነገር አንዲት ቃል ይቀር ኖሯል!

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅ የሚፈልጉ እህቶቻችንን ይርዳቸው፤ ንግዳቸውንም በረካ ያድርግላቸው። እኛንም ሳንጠይቅ ከመፍረድ ይጠብቀን። አሚን!

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።