ሁለተኛ ሰው

ንባብ፦ 1ኛ ነገሥት 19፥4–9፤ ማርቆስ 2፥1–5



ናይሮቢ ውስጥ፣ ጊጊሪ ካለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ አጠገብ፣ ሩንዳ የሚባል የሀብታሞች ሰፈር አለ። አንዲት እህታችን እዚያ ተቀጥራ አንዲት የታመሙ አሮጊት ታስታምማለች። ቀን የእሷ ተራ ነው፤ ማታ ሌላ ሠራተኛ ትመጣለች። ሲለዋወጡ ደብተር ይቀባበላሉ፦ ምን በሉ፣ መድኃኒት ስንት ሰዓት ወሰዱ፣ መቼ ተገላበጡ። ከዚያ እህታችን ሄዳ ትተኛለች።

የራሷ እናት ግን እዚህ ካኩማ አልጋ ላይ ናቸው። የምታስታምማቸው ታናሽ እህቷ ናት፤ ብቻዋን። ውኃ መቅዳት እሷ፣ የራሽን ሰልፍ እሷ፣ ማጠብ እሷ፣ ሌሊት መነሣት እሷ። አንድ ቀን በስልክ፣ "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ። ትናንት ሌሊት 'ጌታ ሆይ፣ ምነው በወሰድካት' አልኩ። ኀጢአት ነው አይደል?" አለቻት። ይህን የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው፤ ስማቸውን አልጠራም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

ብዙዎቻችን "እናትሽ አይደሉም እንዴ? ታገሺ፣ በረከት ነው" እንላለን። በረከትነቱ እውነት ነው። ግን ኤልያስን እናስብ። ከክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው፣ እንጎቻና ውኃም ሰጠው፤ ደግሞ ተኛ፣ ደግሞ በላ። "እዚህ ምን ታደርጋለህ?" ተብሎ የተጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔም የልጅቷን ልመና የጥላቻ ነው ማለት አልችልም። ያለቀው ፍቅሯ አይደለም፤ ጉልበቷ ነው። የደከመን ሰው ከመገሠጽ በፊት ማስተኛት ይቀድማል።

ሩንዳን ያነሣሁት እንድንቀና አይደለም። እዚያ ገንዘብ የገዛው ዋና ነገር ምን እንደሆነ አስተውሉ፦ ሁለተኛ ሰው። እኛ ገንዘቡ የለንም። ሰው ግን አለን።

"የእናቴን ገላ ማንም አያጥብም፤ ሰውስ ምን ይላል?" የምትል ትኖራለች። ልክ ነሽ፣ ክብራቸው ይጠበቅ፤ ማጠቡን አንቺ ያዢው። ጀሪካኑን ግን ሌላ ሰው ይሸከም። ማርቆስ ላይ ሽባውን ያመጡት አራት ነበሩ። ዘመዶቹ ይሁኑ ጎረቤቶቹ አልተጻፈም። ጌታ ግን የእነርሱን እምነት አየ። አልጋው አራት ማዕዘን አለው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው ይጎተታል እንጂ አይነሣም።

አንቺ የምታስታምሚ፣ አንተም፦ "ምን ልርዳሽ?" ሲሉሽ "ምንም" አትበዪ። "ማክሰኞ ውኃ ቅጂልኝ" በዪ። ደብተር ያዢ፣ የሚተካሽ ሰው እንዳይቸገር። መገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይገላበጥ፤ ወገቡ ወይም ተረከዙ ቀልቶ ካልጠፋ ሳይቆስል ለክሊኒክ ንገሪ። ራሽን በተወካይ መቀበል ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።

እኛ ጎረቤቶች ደግሞ "እግዚአብሔር ያበርታሽ" ብለን አንለፍ። ከዕድር፣ ከጽዋ ማኅበር፣ ከጸሎት ቡድን ሁለት ሁለት ሆነን በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ እንያዝ። ለቅሶ ለመድረስ ስንት ሌሊት እናድር የለ? ሰውየው በሕይወት ሳለ አንዷን ሌሊት እናምጣት።

ታናሽ እህቷ ባለፈው ሳምንት አንድ ሌሊት ሙሉ ተኛች። ሁለት እናቶች ተተክተውላት ነው። ጠዋት እናቷን ስታጥብ ስትዘፍንላቸው ሰምተናል።

ለማሰላሰል፦ በእኔ መስመር ብቻውን የሚያስታምም ማን ነው? የትኛውን ማዕዘን ልያዝለት?